የናርዲት ግራ እጅ

ወሬውን ያመጣችው ጎረቤቷ ዝማም ናት። ወንድሟ የቤተ መንግሥት በር ጠባቂ ስለሆነ፣ የአዝመር ንጉሥ ጉሮሮውን ሳይጠርግ እሷ ሰምታ ጨርሳለች። አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣

«ሰማሽ ናርዲት? አራት መቶው ጦር ተመለሰልሽ። ዘንዶው ሞርጋድ የዝናቡን ነጋሪት አልሰጥም ብሎ እንደ ዶሮ አባረራቸው። ሰይፍ በቀኝ፣ ማሰሮ በግራ፣ ጋሻውን በምን ይያዙት?» አለቻት።

በአዝመር እንዲህ ነው። የተበደለ ሰው ፍም በትንሽ ማሰሮ አድርጎ በግራ እጁ ይይዛል። የበዳዩ ደም እስኪፈስ ፍሙ አይጠፋም፣ ማሰሮውም መሬት አይነካም። ይዘውት ይበላሉ፣ ይዘውት ይተኛሉ፤ ሙሽራው እንኳ ይዞት ነው የሚያገባው። ያስቀመጠ «ደም የረሳ» ይባልና ስሙ ከቤቱ ይፋቃል። አገሩ ሙሉ ጀግና ነው፤ ግን አገሩ ሙሉ ባለ አንድ እጅ ነው።

ናርዲትም ከያዘች ሦስት ዓመቷ። ወንድሟን ታውልን፣ የነጋሪት መቺውን፣ ገልማ የሚባል ሰው በጠብ ገደለባት። ነጋሪቱ መቺ አጥቶ ተሰቅሎ ሲቀር ሞርጋድ መጥቶ ወሰደው፤ ዝናቡም አብሮ ቀረ። ነጋሪቱ ደግሞ የሚታዘዘው ለታውል ቤት ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ለሁለት እጅ። ከቤቱ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«ልሄድ ነው» አለች ለጓደኛዋ ለጡሚት። ጡሚት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ማሰሮውንም የሠራችው እሷው ናት።

«በየትኛው እጅሽ?»

«በታውል ደም ምያለሁ። ፍሜም አይጠፋም፣ ነጋሪቱም ይመጣል።»

«እሺ የኔ ጀግና። ስንቁን እኔ ልያዘው፤ አንቺ እንደሆነ መያዣ የለሽም።»

ሦስት ቀን ሄዱ። የደረቁትን ወንዞች ተሻገሩ፣ ንፋስ የሚያለቅስበትን ጥቁር ገደል ወጡ፣ ከብት እንደ ማገዶ የተከመረበትን ሜዳ አለፉ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዋሻው ደረሱ። ሞርጋድ ሲተነፍስ ድንጋዩ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ነጋሪቱ በፊት እግሮቹ መሀል ነበር።

ናርዲት ተሳበችና በቀኝ እጇ መታችው። ድምፅ የለም።

ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አራት መቶ አንደኛዋ መጣች። ማሰሮሽን አጥብቀሽ ያዢ ልጄ፣ እንዳይወድቅብሽ» ብሎ ሳቀባት።

ሳቁ ነው ያናደዳት። ማሰሮውን አየችው፤ አውራ ጣቷ ከስሏል። የታውልን የነጋሪት አመታት ላስታውስ ብትል የመጣባት የገልማ ፊት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከገበታዋ የበላው ገልማ፣ ከአልጋዋ የተኛው ገልማ። ወንድሟ በልቧ የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ አልቀረለትም።

«ውጣ ከቤቴ» አለች፤ ለገልማ ነው። ማሰሮውን መሬት አስቀመጠችው።

ያኔ ታውል መጣ። ቁና ገልብጦ ሲያስተምራት፣ ስትሳሳት ጆሮዋን እየቆነጠጠ ሲስቅባት። ዱም ዱም፣ ታካ ዱም። በሁለት እጇ ነጋሪቱ ላይ አወረደችው። ሰማዩ ተሰነጠቀ፤ ዝናቡ በዋሻው አፍ እየተምዘገዘገ ገባ። ሞርጋድ እንደ ጋለ ብረት ጮኸ፣ ጨሰ። ነፍሱ ሳይወጣ ግን አንዴ ተወርውሮ ቀኝ እጇን ከአንጓዋ ቆርጦ ዋጠው።

ጡሚት ነጠላዋን ቀድዳ ቁስሏን አሰረችላት። ማሰሮው ውስጥ ውሃ ሞልቷል።

ነጋሪቱን ይዘው አገር ቤት ሲደርሱ ሰው ሁሉ ዝናብ ውስጥ ይሯሯጣል፤ ደስ ብሎት እንዳይመስላችሁ፣ ማሰሮውን ሊከልል ነው። ዝማም ልብሷን አውልቃ ለማሰሮዋ አልብሳ ራሷ በስብሳለች።

በሸንጎው ፊት ዳኛው ደርጋሽ ተነሡ፣ ማሰሯቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው። «የአዝመር ሕዝብ ሆይ፣ ስሙ! ዝናብ አምጥታለች፤ አንክድም። ነገር ግን የወንድሟን ደም ረስታለች። ስሟ ከቤቷ ይፋቅ። ገልማ እንኳ ይቅርታ አልጠየቃትም!»

ገልማ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ፋቁት» አለች ናርዲት። «አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁትም። እሱ ሦስት ዓመት ሲተኛ እኔ ፍም ስቆሰቁስ አነጋሁ። አሁን የመተኛት ተራው የኔ ነው። ታውልንም አልረሳሁት፤ ገና አሁን አገኘሁት።»

«ውርደት!» አሉ ደርጋሽ። «ባለ አንድ እጅ ሆና ተመልሳ ሸንጎ ታስተምራለች!» ሰዉም አብሯቸው አጉረመረመ።

ጡሚት ከኋላ እየተጋፋች ወጣች። ሸንጎውን ከዳር እስከ ዳር፣ ማሰሮ በማሰሮ አየችው።

«እሷ አንድ እጅ አላት። እናንተም አንዳንድ እጅ ነው ያላችሁ» አለች። «የሷንስ ዘንዶ በላው። የእናንተን ምን በላው?»