በጓዳ የተነገረው

ዌስሊ ሲነዳ አይቸኩልም። ካርላ ፎሊኒን መጀመሪያ የማረካት ይኸው ጠባዩ ነው። ሰው ሁሉ ከኋላው የሚያሳድደው ያለ ይመስል በባሕሩ ዳር መንገድ ሲበር፣ እሱ ጉም የለበሰ ገደል ባየ ቁጥር መኪናውን ዳር አስይዞ «ነይ እስቲ፣ ይህን ሳናይ ልናልፍ ነው?» ይላታል። ወርደው ይቆማሉ። ከታች ማዕበሉ ከአለቱ ጋር ይላተማል። ነፋሱ ፀጉሯን አፏ ውስጥ ይከትተዋል፤ እሱ በጣቱ ቀስ አድርጎ ያወጣላታል። ለእንዲህ ያለው ወንድ የማትሸነፍ ሴት አትጠፋም ይሆናል፤ ካርላ ግን እሷ አልነበረችም።

የተገናኙት ፔታሉማ ከተማ መግቢያ ላይ ነው። የአባቷ አሮጌ ፒክአፕ የወይን ሳጥን እንደተሸከመ ጢሱን አትጎልጉሎ ቀጥ ሲልባት፣ ስንቱ ጥሩምባውን እየነፋባት አለፈ፤ የቆመላት እሱ ብቻ ነው። የሞተር ነገር ምኑንም አያውቅም ነበር። ክዳኑን ከፍቶ ብዙ ካፈጠጠ በኋላ በቁም ነገር «ጢስ ነው» አላት። ካርላ ሳቀች፤ ሳቋም ክረምቱን በሙሉ አላባራም።

ሥራህ ምንድን ነው ስትለው «የአፈር ጥናት» ይላታል። አፈር የሚያጠና ሰው ለገበሬ ልጅ ባዳ አይደለም ብላ አመነችው።

የዚህ ጉዞ ሐሳብም የእሱ ነበር። «ቱሪስት የሚታጎርበት ቦታ እንዳትወስጂኝ። ያንቺን ሰዎች አሳዪኝ። መጨረሻ ላይ አባትሽ ዘንድ እንደርሳለን» አላት። አባትሽ ዘንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ካርላ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

የካርላ ሰዎች በሶኖማ ኮረብታዎች ላይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ወይን የሚተክሉ ቤተሰቦች ናቸው። በእነሱ ዘንድ እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው። መንገደኛው በፊት ለፊት በር ይገባል፤ በቅምሻ ክፍሉ ከሚሸጠው ይቀዳለታል፤ ስለ መዓዛው ይተረክለታል፤ ገዝቶ ይሄዳል። የወይን ተካይ ልጅ ግን በጓሮ ዞራ፣ ሳታንኳኳ ጓዳ ትገባለች። እዚያ ወረቀት ያልተለጠፈበት፣ ለቤት የተጠመቀው ይወጣል። እውነቱም የሚወራው እዚያ ነው፦ የማን ተክል እንደታመመ፣ የማን ልጅ መሬቱን እንደጠላ፣ ዘንድሮ መሬቱን ሸጦ እጁን የሚሰጠው ማን እንደሆነ። በጓዳ የተነገረ ከጓዳ አይወጣም። ይህን የጻፈው የለም፤ የጣሰውን ግን የልጅ ልጁ ሳይቀር ሲታማበት ይኖራል።

ካርላ ዌስሊን ይዛ በጓሮ ዞረች።

አክስት አልማ ሮሴቲ የሥጋ ዘመዷ አይደሉም፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን ብቻቸውን የያዙ የአባቷ የጥንት ወዳጅ ናቸው። ዌስሊን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሞተር የማያውቀው ይሄ ነው?»

«አሁን ተምሬያለሁ። ጢስ ሳይ እሸሻለሁ» አላቸው።

«ብልህ ነህ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጢስ ሲያይ ነበር የሚጠጋው።»

ተሳሳቁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ የአልማ ሆድ ተከፈተ።

«ዲን አይመለስም» አሉ ስለ ልጃቸው። «ሲያትል ቤት ገዝቷል። ለወንድሜ እንኳ አልነገርኩትም። ጉልበቴም ቁልቁለቱን አላወርድ ብሎኛል። የላይኛው ማሳ ቅጠሉ ያለጊዜው ቀልቷል፤ ታሟል። የዘንድሮን ለቀማ ከተወጣሁት ተአምር ነው።»

«የታችኛውስ ማሳ?» አለ ዌስሊ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ድምፁን አለስልሶ።

«እሱማ የአያቴ ተክል ነው ልጄ። እሱስ እኔንም ይቀብራል።»

ካርላ ከጠረጴዛው ሥር እጁን ጨበጠችው። እንዲህ ሰው የሚያዳምጥ ወንድ ከየት ይገኛል! በየደረሱበት ቤት እንዲሁ ሆነ፤ ሰው ለእሷ ሲያወራ እሱ በጸጥታ ይሰማል፤ እሷም በየቤቱ አብልጣ ወደደችው።

ከኮረብታዎቹ ወርደው ወደ ባሕሩ ሲመለሱ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ማረፊያ ውስጥ አደሩ። ጠዋት ካርላ ለቁርስ እንደተቀመጠች ስልኳ ጠራ።

«ካርላ» አሉ አልማ። ሁልጊዜ «ልጄ» ነበር የሚሏት።

«አክስቴ! እንዴት አደሩ?»

«ትናንት አንድ ሰውዬ መጣ። መሬት ከሚገዛ ድርጅት ነኝ አለኝ። ልጅዎ ከሲያትል እንደማይመለስ እናውቃለን አለኝ። ጉልበትዎ ለቀማውን አያሻግርዎትም አለኝ። የታችኛውን ማሳ ለይቶ ጠየቀኝ። ጉልበቴን እኮ ነው ካርላ! ጉልበቴን ማን ነገረው?»

ካርላ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጓዳዬ የገባችሁት እናንተ ናችሁ» አሉና ዘጉት።

ካርላ በመስኮቱ አየች። ዌስሊ ገደሉ አፋፍ ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይስቃል። ያ ሳቅ የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ለማን ነው የምትሠራው?»

ፊቷን አንድ ጊዜ አይቶ ገባው። «ቁጭ በይና ላስረዳሽ።»

«ቆሜም እሰማለሁ።»

«መሬት ለሚገዛ ድርጅት ነው። አፈር አጠናለሁ ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ ሊገዙ ያሰቡትን አጠናለሁ። ካርላ፣ ሴትዮዋ መሸጣቸው አይቀርም። እኛ ባንገዛ ሌላው ይገዛል።»

«ጉልበታቸውንም አጠናህላቸው?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እኔን መሰላል አደረግኸኝ። በሕፃንነቴ ያቀፉኝ ሰዎች ቤት በእኔ ላይ ወጥተህ ገባህ።»

«እወድሻለሁ። ይሄ ከሥራው ጋር አይገናኝም።»

«ፔታሉማ ላይስ? ያን ቀን ለምን ቆምክ?»

ዌስሊ ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ለምን ቆምክ ዌስሊ?»

«ፒክአፑ በር ላይ የአባትሽ ስም ተጽፏል» አለ በመጨረሻ። «ፎሊኒ የሚለውን አይቼ ነው የቆምኩት። ከዚያ ግን ሳቅሽ። ከሳቅሽ በኋላ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ እምልልሻለሁ።»

ቢዋሻት ይሻላት ነበር። በዚያች ጠዋት ካርላ የቀራት አንድ ነገር፣ በሚያልፈው ሁሉ መካከል አንድ ሰው ለእሷ ብሎ መቆሙ ነበር። ያንንም ወሰደባት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዓይኑ ነው፤ ዓይኑ አሁንም እንደሚወዳት ይናገራል፤ እሷም አልጠላችውም። መጥላት ብትችል እንዴት ባረፈች!

«ነገ አባቴ ዘንድ ልንደርስ ነበር» አለች።

«አንቺን እንዲሰጡኝ ልጠይቃቸው ነው። ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«የቱን ነበር አስቀድመህ የምትጠይቀው? እኔን ነው ወይስ መሬቱን?»

ወዲያው «አንቺን» ቢላት ኖሮ፣ የወደደ ሞኝ ነውና፣ ምናልባት ታምነው ነበር። ዌስሊ ግን አፉን ከፍቶ አሰበ። ማሰቡን አየች።

«አክስት አልማ ዘንድ መልሰኝ» አለችው። በዚያ በኩል አውቶቡስ የለም። መንገዱን ሁሉ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ፣ የትም ሳይቆሙ ተጓዙ።

እንደ ልማዷ በጓሮ ዞረች። የጓዳው በር ተቆልፏል። አልማ ከፊት ለፊት ተጣሩ፦ «የቅምሻ ክፍሉ ክፍት ነው!»

ገባች። አልማ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው እንደ መንገደኛ ተቀበሏት። «ምን ልቅዳልዎት?»

«አክስቴ፣ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ቢሆንም እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ጠርሙሱን አስቀመጡ። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። አንቺን አቅፌ አሳድጌሻለሁና መቅበር አያስፈልገኝም ብዬ ነበር።»

«ፈረሙ እንዴ?»

«አልፈረምኩም። ግን መድከሜን አውቀዋል። ከእንግዲህ እስክወድቅ ደጄ ላይ ነው የሚጠብቁኝ።» ትክ ብለው አዩዋት። «በስንቱ ጓዳ አስገባሽው?»

ካርላ ስልኳን አወጣችና እዚያው ፊታቸው ቆማ በየቤቱ መደወል ጀመረች፤ አምኖ ለተቀበላት ሁሉ ማንን ይዛ እንደገባች በገዛ አፏ ነገረች። አንዱ ሰደባት። አንዷ ሳትጨርስ ዘጋችባት። አንድ ሽማግሌ «ጆሮሽን ይዞ ሲነዳሽ ኖሯላ!» ብለው ሳቁባት፤ ሳቃቸው ከስድቡ ባሰ። አልማ መሐል ላይ ወንበር ገፋ አደረጉላት። አልተቀመጠችም።

መጨረሻ ላይ አባቷ ዘንድ ደወለች።

«ደረሳችሁ እንዴ?» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸው በደስታ ሞልቶ። «ግቢውን ሳጸዳ ነው የዋልኩት።»

«ብቻዬን ነኝ የምመጣው አባዬ።»

«ምነው? ተጣላችሁ?»

«ልጁ የመጣው ለመሬቱ ነው። ሌላም ሰው ይልኩብህ ይሆናል። ምንም እንዳትነግራቸው።»

ከወዲያ በኩል ውሻቸው ሲጮህ ይሰማል። ውጭ የዌስሊ መኪና አሁንም ዋርካ በሚያህል ዛፍ ሥር እንደቆመች ነው፤ ካርላ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«አንቺስ የኔ ልጅ?» አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

«እኔማ» አለች ካርላ፣ እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፣ «እኔማ ለእኔ የመጣ መስሎኝ ነበር።»