የአራተኛው ገንዳ ዓሦች

«ሸምበቆ» ዓሣውን በጅራቱ አንጠልጥሎ ቆመ። በዓሣው ሆድ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ደብቋል። ብልቃጧ ውስጥ ነጩ ዱቄት።

ስድስት ወር ሙሉ የዓሣ እርባታውን ገንዳ ሲያጥብ የከረመው ለዚህች ብልቃጥ ነው። የአራተኛው ገንዳ መኖ ላይ ዱቄቱ ይነሰነሳል፤ ዓሦቹ ከሦስተኛው ገንዳ እኩዮቻቸው እጥፍ አድገዋል። ሥራ አስኪያጁ «ቪታሚን ነው» ይላል። እሱ ራሱ ግን ከአራተኛው ገንዳ ቀምሶ አያውቅም። ሸምበቆን የላኩት ሰዎች የተከለከለ ሆርሞን ነው ብለው ጠርጥረዋል። ነገ ጠዋት ዱቄቱ ለሌሎች እርባታዎች ሊጫን ነው። ማስረጃው ዛሬ ካልወጣ አበቃ።

ተቀባዩ «ጀልባ» ዓሣ ገዢ መስሎ ጠጋ አለ።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ደፍርሷል።»

«ይጠራል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው።

«በል ቶሎ በል» አለ ጀልባ። «ዓሦቹ ከትናንት ጀምሮ ጾመው የለ? ሆዱ የተነፋውን ስጠኝ።»

ሸምበቆ ክው አለ።

ዓሦቹ የሚጾሙት በሚዛን ቀን ዋዜማ ነው፤ የበሉት መኖ ኪሎውን እንዳያሳስት። የሚዛን ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ሐሙስ ነው። ሥራ አስኪያጁ በድንገት ወደ ዛሬ ያመጣው ትናንት ነው። የነገረውም ለሁለት ሰው ብቻ፤ ለሸምበቆና ለመዛኙ ለጋሽ ሚዛን።

ታዲያ ጀልባ ከየት ሰማ?

ቀና አለ። ሥራ አስኪያጁ በቢሮው መስኮት ቆሞ ያያቸዋል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ጥርሱን ቢያረግፍለት ደስ ባለው፤ ግን ፈገግ ብሎ ዓሣውን ሰጠው። ጀልባ ወደ ቢሮው ሲያቀና፣ እሱ ወደ ሚዛን ክፍሉ ፈጠነ።

ጋሽ ሚዛን ሁለት ዓሣ በፌስታል እየቋጠሩ ነበር። በሚዛን ቀን የመዛኙ ድርሻ ነው። የበሩ ጥበቃ እሳቸውን ፈትሾ አያውቅም።

«ልጄ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ጋሼ፣ ከየትኛው ገንዳ ናቸው?»

«ከአራተኛው ነዋ! የልጅ ልጆቼ ከዚህ ሌላ አይነኩልኝም።»

«እንዳይሰጧቸው። ዱቄቱ ክፉ ነገር ነው፤ ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። ከድልድዩ ማዶ ላቦራቶሪ አለ። እዚያ ለምትመረምረው ሴት ‹ሸምበቆ ልኮኝ ነው› ይበሏት።»

ሽማግሌው ፌስታሉን አዩ። እሱን አዩ።

«ጠርጥረህ ነበር?»

«አዎ።»

«በየሚዛኑ ይዤ ስሄድ እያየህ?»

አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ከውጭ የሩጫ ኮቴ ተሰማ።

«ዞር በል፣ አንተ ሰውዬ» አሉት።

ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በዋናው በር ወጡ። ጥበቃው እጅ ነሳቸው። ሸምበቆ በውሃ መውረጃው ቦይ፣ እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ አመለጠ።

በማግስቱ ጠዋት እርባታው ታሸገ። ሆርሞኑ በዓሦቹ ጉበት ተገኝቷል። ጀልባም ተይዟል።

«ጎበዝ!» አለው አለቃው በስልክ።

«ልጆቹስ ተመረመሩ?»

«የትኞቹ ልጆች?»

ሸምበቆ በሳምንቱ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ዶሮ እርባታ ውስጥ መኖ ይበትን ነበር።

«ልጄ፣ ና ምሳ እንብላ» አሉት የዶሮ ቤቱ ጠራጊ።

«አልራበኝም» አላቸው።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።