ዓሣ ያመነው ገበሬ

ሶሄይ ያን ጠዋት ባይቸኩል ኖሮ ቺጉሳን አያገኛትም ነበር። ዛሬም ድረስ ችኮላውን ያመሰግናል።

በቢዋ ሐይቅ ዳር የሩዝ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ማሳው በውሃ ተሞልቶ ይታረሳል፤ ጭቃው እስኪረጋም ጥቂት ቀን ይጠበቃል። ሶሄይ ግን ማዳበሪያውን በትኖ ሲያበቃ፣ ቶሎ ልትከል ብሎ በማግስቱ ውሃውን ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን የቦይ መዝጊያ አነሳ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። ድፍርሱ ውሃ ማዳበሪያውን ይዞ ሐይቁ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ልጅ ቦት ጫማ አድርጋ በቦዩ ውስጥ ሽቅብ መጣች። የዓሣ አጥማጁ የጌንዞ ልጅ ቺጉሳ ነበረች።

«ይሄ መዝጊያ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው ና የአባቴን መረብ እጠብ! ዓሣው እንቁላል የሚጥልበትን ቦታ ጭቃ አለበስከው።»

ሶሄይ ሰበብ ሊደረድር ፈልጎ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ተወው። መዝጊያውን መልሶ ወረደና መረቡን አጠበ። በማግስቱም ወረደ፤ የሚታጠብ መረብ ግን አልነበረም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብህ?» አለችው ሳቋን እያፈነች።

በመከር ሶሄይ ጌንዞ ፊት ተንበርክኮ ቺጉሳን እንዲድርለት ጠየቀው።

«አንተ ልጅ» አለው ጌንዞ፣ «ድሮ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ እናንተ ማሳ ላይ ነበር እንቁላሉን የሚጥለው። እስቲ መጀመሪያ አንድ ዓሣ ይመንህ፤ እኔም ያኔ አምንሃለሁ።»

ሶሄይ ማዳበሪያውን በግማሽ ቀነሰ። ውሃ ሳያበዛ ስላረሰ የሚለቀው ጭቃ አልነበረም። ዓሣ እንዲወጣበትም በቦዩ ውስጥ የሳንቃ ደረጃ ሠራ። ምርቱ ቀነሰ። ጎረቤቶቹ «የምታርሰው ለሰው ነው ለዓሣ?» እያሉ አላገጡበት። ዓሣ የሚባል ግን አልመጣም።

ቺጉሳ ትመጣ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብላ ባዶውን ቦይ ታያለች።

«ባይመጣስ?» አላት አንድ ቀን።

«እኔ መጥቼ የለ እንዴ?»

በሦስተኛው ፀደይ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ቦዩ ተንቦጫረቀ። ሆዷ በእንቁላል ያበጠ ዓሣ ደረጃውን ዘልላ ችግኙ መሃል ገባች። ሌላም ተከተላት። ሶሄይ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቺጉሳ ሮጣ አባቷን ጠራችው። ጌንዞ መጣ፣ አየ፣ ተመልሶ ሄደ።

ሐምሌ ላይ ጌንዞ በጨው የከረመ ዓሣ የሞላ በርሜል ተሸክሞ የሶሄይ በር ላይ ቆመ። እንደ አገሩ ልማድ ዓሣው በተቀቀለ ሩዝ ተቀብሮ ዓመት ሙሉ ይብላላል፤ ጌንዞ ደግሞ የዚህን ዳር ገበሬዎች ስለማያምን ሩዙን ከሐይቁ ማዶ ሲያስመጣ ነው የኖረው።

«ያንተን ሩዝ ቀቅል» አለው። «የሚከፈተው ለዓመቱ ነው። ሁለታችሁ ትከፍቱታላችሁ።»

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ላመስግንዎ...»

«እኔን ተወኝ፤ ዓሣዋን አመስግን።»

ቺጉሳ ይህን ጊዜ በአባቷ ጎን አልፋ ገብታ ሩዙን እያጠበች ነበር።