ታድጊበታለሽ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ያ ድንጋይ ይበቃችኋል፣ ተጠጋጉበት። ወንዶቹም አትሂዱ፤ እናንተም እህት አላችሁ። የቡራዩዋን የላሊሴን ነገር ላጫውታችሁ ነው።

ኳሷ ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ ስትመጣ ላሊሴ አይታታለች። እንዲህ ያለችውን ኳስ ዓይኗን ጨፍና እንኳ ትመታት ነበር። ያን ዕለት ግን ክንዷ ከጆሮዋ በላይ አልወጣ አለ። ኳሷ እግሯ ሥር ዷ ብላ ወደቀች።

«ላሊሴ! እጅሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?» ብሎ ጮኸ የስፖርት አስተማሪው መምህር ዛኪር።

ልጃገረዶቹ ሳቁ። ላሊሴ አልሳቀችም። ከቲሸርቷ ሥር የጡት ማስያዣዋ የቀኝ ማንጠልጠያ ከትከሻዋ ወርዶ ክርኗ ጋ ደርሷል። የጀርባው ማሰሪያ ደግሞ ወደ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እጇን ብታነሳ ነገሩ ሁሉ አንገቷ ላይ ሊጠመጠም ነው። ስለዚህ እንደ ታሰረች ዶሮ ሁለት ክንዶቿን ከጎኗ አጣብቃ ቆመች።

ይህን ለወንድ አስተማሪ እንዴት ብላ ትንገረው?

«ትከሻዬን... ወለም ብሎኛል ቲቸር» አለች።

«አዎ ቲቸር!» አለች ጓደኛዋ ሩሃማ ፈጠን ብላ። «ቤታቸው ደረጃ ላይ አንሸራቷት ነው!»

የነላሊሴ ቤት ደረጃ የለውም።

የመምህር ዛኪር ፊት ወዲያው ለስለስ አለ። «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ወጌሻ ይይሽ። ለቅዳሜው ጨዋታ የሚሰለፉትን ሐሙስ ነው የምመርጠው። እስከዚያ ካልተሻለሽ በቦታሽ ዱርሲቱ ትገባለች።»

ቅዳሜ ሰበታ ሄደው ነው የሚጫወቱት። የትምህርት ቤቱ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ከቡራዩ ወጥቶ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው። ላሊሴ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ቀን ነበር። ቀኑም ገና ማክሰኞ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከጡት ማስያዣው ነው። አዎ፣ ስሙን እንጥራው። ስሙን ስለፈራን አይደል ይህ ሁሉ የሆነው?

የላሊሴ እናት ገለቴ ከታ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ጉልት ቁጭ ብላ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አንድ ሕግ አላት፤ ለልጅ የሚገዛ ነገር ሁሉ ሰፋ ብሎ ይገዛል። ጫማ ከሆነ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል። ዩኒፎርም ከሆነ እጥፍ ብሎ ይሰፋል። ላሊሴ ስታጉረመርም መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ታድጊበታለሽ።»

ጡት ማስያዣውንም እንዲሁ አደረገችው። ከገበያው ክምር በመዳፏ ለክታ፣ ሰፋ ያለውን መርጣ፣ ትራሷ ሥር ሸጉጣላት ሄደች። ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ጫማስ እሺ፣ ጥጥ ይችለዋል። ይሄኛው ግን በምን ይቻላል? ላሊሴ ማንጠልጠያውን ቋጠረችው፤ ቋጠሮው ትከሻዋን ሰረሰረው። በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። መርፌ ቁልፉ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ተከፍቶ ሲወጋት «አይ!» ብላ ብድግ አለች። የሒሳብ አስተማሪው «ጎበዝ! ወደ ሰሌዳው ነይ» አሏት። ሄዳ ሠራችው፤ ያውም ተሳሳተች።

በኋላ ከሩሃማ ጋር ተማክራ ራሷ ልትገዛ ገበያ ወረደች። አክመል የሚባል ነጋዴ ክምሩ መሀል ቆሞ «ምረጪ አንሺ! ምረጪ አንሺ!» ይላል። ላሊሴ በጆሮው ልትነግረው ጠጋ ብትል እሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ጡት ማስያዣ? ለራስሽ? ሠላሳ ሁለት ቁጥር ውሰጂ!» ብሎ ለገበያው አወጀው። የእናቷ ባልንጀሮች የሆኑ ሽንኩርት ሻጮች ሁሉ ዞሩ። ላሊሴ ከፍላ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሮጠች።

ቤት ሄዳ ብትለብሰው ትንፋሽ ከለከላት። ጎድኗ ላይ ቀይ መስመር አወጣ። ይዛው ተመለሰች።

«የውስጥ ልብስ አይመለስም እህቴ» አለ አክመል። «ደግሞ ይለጠጣል። ልበሺው ብቻ።»

አልተለጠጠም። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ያንቃል።

«ሁለቱንም ደርበሽ ብትለብሺያቸውስ?» አለች ሩሃማ። «ተደማምረው ልክ ይመጡ ይሆናል።»

«ሙድ አትያዢብኝ ሩሂ! እኔ'ኮ ላለቅስ ነው።»

የማክሰኞው ውሸት ግን በዚያ አላበቃም። መምህር ዛኪር ደግ ሰው ነውና ለእናቷ ደወለላት። ገለቴ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ፣ በባጃጅ እየበረረች ትምህርት ቤቱ በር ደረሰች።

«ማል ታቴ፣ ኢንተለ ኮ? ምን ሆንሽብኝ ልጄ? ትከሻሽ ወልቆ ዝም ትያለሽ?»

ላሊሴ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ባጃጁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተሳፍረዋል። አፏን ዘጋች። ገለቴም በቀጥታ ወጌሻዋ እማማ ሙሉዬ ቤት ወሰደቻት።

እማማ ሙሉዬ ቅቤውን በእጃቸው አሟሙቀው «ነይ የኔ ልጅ። መጮህ ይቻላል፣ መንቀሳቀስ ግን አይቻልም» አሏት። መዳፋቸውን በቲሸርቷ አንገት አሾልከው ደህናውን ትከሻ ይዘው ጎተቱት። ላሊሴ የእውነቷን ጮኸች። ወዲያው እማማ ሙሉዬ ከእሷ ብሰው ጮኹ።

«እኔን! ምንድን ነው ይሄ? ይቺ ልጅ እሾህ አብቅላለች!»

አውራ ጣታቸው ላይ ደም ጠብ ብሏል። ገለቴ የልጇን ቲሸርት አንገት ሳብ አድርጋ አየች። ከልምምዱ በኋላ መልሳ የሰካችውን መርፌ ቁልፍ፣ ቋጠሮውን፣ ቋጠሮው የሰረሰረውን ቀይ ቦታ።

«ትከሻዋማ ደህና ነው» አሉ እማማ ሙሉዬ ጣታቸውን እየመጠጡ። «አሁን እንግዲህ ታማሚዋ እኔ ነኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ በእግር ነበር። ገለቴ ቀድማ ትሄዳለች።

«አስተማሪሽን ዋሸሽ። እኔን ዋሸሽ። አሮጊቷን አስወጋሽ።»

«ታዲያ ምን ልበል እማዬ?» የላሊሴ ድምፅ ተሰበረ። «ለቲቸር ጡት ማስያዣዬ ወረደብኝ ልበለው? አንቺ ራስሽ ትራስ ሥር ደብቀሽ አይደል የሰጠሽኝ? ለማን ልንገር?»

ገለቴ ቆመች። ላሊሴ ጥፊ የሚመጣ መስሏት ነበር።

«ጥሩ ነገር ገዛሁላት ብዬ ነበር'ኮ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «እኔ በአንቺ ዕድሜ መቀነቴን ከፍ አድርጌ ነበር የማስረው። ሌላ አላውቅም። ይሄ እንዲቆይልሽ ብዬ... ታድጊበታለሽ ብዬ...»

«መቼ ነው የማድግበት እማዬ? ጨዋታው ቅዳሜ ነው!»

ገለቴ ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ግን ወዲያው ዋጠችው፤ ዓይኗንም በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገች።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ የማሪቱ ቡቲክ ሄዱ። ማሪቱ ጡት ማስያዣዎቹን ከመስታወት ሣጥን ውስጥ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ደረደረቻቸው።

«ልለካቸው» አለች ላሊሴ።

«መለካት የለም። ይቆሽሽብኛል። በዓይን አይተሽ ውሰጂ።»

«ነውር ነው ልጄ፣ ሰው ይገባል» አለች ገለቴም በሹክሹክታ። «ይቺኛዋ ትሆንሻለች። ሰፋ ያለች ናት።»

ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች በአንድ ወገን ሆኑባት። ላሊሴ ጥላ ልትወጣ ወደ በሩ ዞረች። ነገ ሐሙስ ነው። ተመለሰች።

«ካልለካሁ አልገዛም» አለች። «ከቲሸርቴ በላይ እለካዋለሁ። አይቆሽሽም።»

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች!» አለች ማሪቱ። ቢሆንም ያልተሸጡ ካፖርቶች የተሰቀሉበትን ጓዳ መጋረጃ ገለጥ አደረገችላት።

የመጀመሪያው ጀርባዋ ላይ ወጣ። ሁለተኛው አነቃት። ሦስተኛው ዙሪያው ልክ ሆኖ ሳለ ከፊት ተጨማደደ። ላብ አጠመቃት። «አልጨረስሽም?» ትላለች ማሪቱ። «ገና ነው!» ትላለች እሷ። አራተኛው ደግሞ ከፊት ጠበባት፤ አውልቃ ስትጥለው እንባዋ መጣ። ሰው ሁሉ የሚለብሰው ነገር እንዴት ለእሷ ብቻ እምቢ ይላል? ሰውነቷ ነው የተሳሳተው?

እንባዋን ጠርጋ ልብሶቹን ስታነሳ ነው ያየችው። ከአራቱ ሁለቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፣ ሠላሳ አራት። ከቁጥሩ ጎን ያለው ፊደል ግን ይለያያል፤ የጠበባት ኤ፣ የተጨማደደው ሲ ይላል።

«እትዬ ማሪቱ፣ ከቁጥሩ ጎን ያለው ፊደል ምንድን ነው?»

«እሱ የፋብሪካው ምልክት ነው፣ ተይው!»

ላሊሴ ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ዙሪያቸው እኩል ነው። የፊታቸው ጥልቀት ግን እኩል አይደለም። ታዲያ ቁጥሩ ለዙሪያው፣ ፊደሉ ለፊቱ ነዋ! ለካ እስከ ዛሬ ሁሉም ሰው ግማሹን ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

«ሠላሳ አራት ሆኖ ፊደሉ ቢ የሆነ ስጪኝ።»

አንድ ብቻ ተገኘ። ቀለሙ ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነው፤ ጥልፍ የለው፣ አበባ የለው። ለበሰችው። እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ጀርባው ከቦታው አልተነቃነቀም። ጎንበስ አለች። አሁንም እዚያው ነው። ዘለለች። ካፖርቶቹ ተወዛወዙ፣ አንዱ ወደቀ።

«ምን እየሰበርሽ ነው?» ብላ ጮኸች ማሪቱ።

«እየዘለልኩ ነው!»

ገለቴ በመጋረጃው ጥግ አንገቷን አስገባች። «እስቲ ዙሪ... ቀጥ ብሏል።» ሁለት ጣቶቿን በጀርባው ማሰሪያ ሥር አስገብታ አየች። ጣቶቿ ገቡ፤ ማሰሪያው ግን አልላላም። ከዚያ ልማዷ መጣባት። «ምናለ ትንሽ ሰፋ ያለውን ብን...»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ተውኩት።»

ሐሙስ ዕለት ላሊሴ ሜዳ ከመግባቷ በፊት መምህር ዛኪር ጋ ሄደች።

«ቲቸር፣ ትከሻዬ አላመመኝም ነበር። ዋሽቼዎት ነው። ይቅርታ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልብሴ ልኬ አልነበረም። አሁን ልኬ ነው።»

መምህሩ ሊጠይቃት ፈለገና ተወው፤ አንገቱን አከከ። «ዱርሲቱ በአንቺ ቦታ ስትለማመድ ነበር። አሁን ውጪ ብላት ግፍ ይሆናል። ሁለታችሁንም ዛሬ አያለሁ፤ የተሻለችው ሰበታ ትሄዳለች።»

ላሊሴ መታች። ስንት ጊዜ ያመለጣት ኳስ አሁን መዳፏ ላይ ጧ ይላል። ተራው የዱርሲቱ ሆነ። ዱርሲቱ ከቡድኑ ሁሉ ረጅሟ ናት። ግን በዚያ ፀሐይ ወፍራም ሹራቧን አላወለቀችም። ኳስ ሲመጣላት ክንዷ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ይቆማል። በየመሀሉ ወደ ግንቡ ዞር ብላ ትከሻዋን ትነካካለች።

«ዱርሲቱ! እጅሽን ዘርጊ እንጂ!» ይላል መምህሩ።

«አለቀላት!» አለች ሩሃማ በላሊሴ ጆሮ። «ቦታው ያንቺ ነው!»

ላሊሴ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣም፤ የመጣው ንዴት ነው። በማን ላይ እንደምትናደድ ግን አላወቀችም። እዚያ ሜዳ ላይ ዱርሲቱ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እሷ ዝም ካለች ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ዱርሲቱ ውኃ ልትጠጣ ቧንቧው ጋ ስትሄድ ተከተለቻት።

«ማን ነው የገዛልሽ?»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን።»

ዱርሲቱ ሹራቧን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «የእህቴ ነው፣ እሷ የተወችው። አንቺን ምን አገባሽ? ቦታሽን እንዳልወስድብሽ ነው አይደል?»

«ልትወስጂው ትችያለሽ» አለች ላሊሴ። «ግን እንዲህ ሆነሽ ተሸንፈሽ እኔ አልገባም። ነይ።»

መምህር ዛኪር ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

«ቲቸር፣ ምርጫውን ለነገ ያድርጉልን?»

«ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ምክንያቱን አልናገርም። ውሸት ግን አይደለም።»

መምህሩ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። «ነገ ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት» አለ።

«አንቺ ጤና የለሽም!» አለች ሩሃማ። «በቁመት'ኮ ትበልጥሻለች!»

«አውቃለሁ» አለች ላሊሴ ቦርሳዋን እያነሳች።

ወደ ማሪቱ ሱቅ ሲወርዱ ዱርሲቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር የምትሄደው። ቆይታ ፈጠን ብላ ደረሰችባትና «አላስለካም ብትለኝስ?» አለች።

«ትልሻለች» አለች ላሊሴ። «ግን አትውጪ።»

ዓርብ ጠዋት ማን ተመረጠች ብላችሁ አትጠይቁኝ ልጆቼ፤ እኔ መጨረሻ ያየኋቸው ያቺን መንገድ ሲወርዱ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት ልጅ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ በፀሐይ ሹራብ ለብሳ ብታዩ፣ ከመሳቃችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን አስታውሱልኝ። አደራ።