ከደጀ ሰላሙ ውጭ

ደጀን እሌኒን መጀመሪያ ያያት ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ነው። ከባሕር ዳር የመጣው ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ እሱ ጎሚስታ ሆኖ በሚሠራበት ቤት ደጅ ቆሞ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያጉረመርም እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሥራውን ታያለች።

«ሰው ሲያይህ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አለችው።

«ሰው ሁሉ ሲያየኝ አይደለም» አለና አንገቱን ደፋ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ደፋር ነገር ተናግሮ አያውቅም።

እሌኒ በልጅነቷ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ አድጋ፣ እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ አግኝታ ወደ አባቷ መመለሷ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በጎሚስታው ቤት በኩል ማለፍ አበዛች። እሱም ፊቱን መታጠብ አበዛ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ እሌኒ ድፎ ዳቦ ይዛ እነደጀን በራፍ ላይ ቆመች። እናቱ ወይዘሮ ደሳለች እልል ብለው አቀፏት።

«ደጀኔ፣ ና እንጂ! ያች ክርስትና ያነሣኋት ልጅ መጣች። እኅትህን ሳማት!»

ሁለቱም በቆሙበት ደረቁ። ሲስማት ጉንጯ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። የክርስትና እናት ልጅ ወንድም ነው። ተዋደዱ ቢባል አገሩ በቁማቸው ይቀብራቸዋል።

እሌኒ መንገድ ቀየረች። ለዐሥር ቀን አላያትም። በዐሥራ አንደኛው መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«የነፋስ መውጫ ሰው ሽማግሌ ልኮብኛል። አባቴ እሑድ መልስ ይሰጣል።»

«አንቺስ?»

«አልፈልግም ብል ለምን ይለኛል። ምክንያቴን በምን አፌ ልናገር?»

ደጀን መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። «ለእናቴ እነግራታለሁ።»

«አብደሃል! ይሞቱብሃል!»

«ዝም ካልኩ የምሞተው እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ስንዴ ሲለቅሙ ነገራቸው። አልጮኹም። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ደጀን ቢሰድቡት ተመኘ።

«ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም» አሉ በመጨረሻ።

«የቱን ቀን?»

«እሌኒ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና የተነሣች ለት። ቀሚሷን አሰፍቼ፣ ድግሱን ደግሼ፣ ሊነጋ ሲል የወር አበባዬ መጣ። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቀረሁ። ከካህኑ እጅ የተቀበለቻት ጎረቤታችን ፈንታነሽ ናት። የእሌኒ አባት ይሻው ለሥራ መተማ ወርዶ ነበር። እናቷ ‹ድግሱ ያንቺ ነው፣ ስሙም ያንቺ ይሁን› አለችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። እሷ ስትሞት ደግሞ ልጅቷ ሁለተኛ እናት እንዳታጣ ብዬ...» ከሰፌዱ አንዲት ፍሬ አነሡ። «አሁን ባወጣው ሰው ምን ይለኛል? እሷስ እናቴ ትለኛለች?»

ደጀን «ተናገሪ» ሊላቸው ፈለገ፤ አፉ እንቢ አለው። እናቱ ግን ከፊቱ አነበቡት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈንታነሽን አሁን ከምትኖርበት ከገሳይ አስጠርተው፣ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ሞገስን ይዘው አቶ ይሻው ቤት ገቡ። ደጀን በሩ ላይ ቀረ። እናቱ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«እውነቷን ነው» አለች ፈንታነሽ። «ውኃው ሲነካት እሪ ብላ እላዬ ላይ ሸንታብኛለች። እንዴት እረሳዋለሁ?»

ቄሱ ሳያስቡት ሳቁ። አቶ ይሻው አልሳቁም።

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ደሳለች?»

«አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በልጆቹ ላይ አይሁን።»

አቶ ይሻው ወደ ቄሱ ዞሩ። «በቤተ ክርስቲያን በኩልስ?»

«አበልጅነቱ የፈንታነሽ ነው፤ እነዚህን አይከለክላቸውም። ደሳለች ግን ንስሐ ይገባሉ።»

«የነፋስ መውጫዎቹን ምን ልበላቸው?»

እሌኒ ከጓዳ ወጣች። «ልጄ አልፈቀደችም ይበሏቸው፣ አባባ።»

አባቷ አዩዋት። ከዚያ በሩ ላይ ላብ ያጠመቀውን ጎሚስታ አዩት። «ይሄ ነው? መናገርም አይችል!»

«ሲቸግረው ይናገራል።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላክ» አሉ አቶ ይሻው። «በር ላይ ለተገተረ ሁሉ ልጅ አልሰጥም።»

ወይዘሮ ደሳለች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ሲወጡ እሌኒ ተከትላ እጃቸውን ያዘች።

«ክርስትና እናትሽ አይደለሁም እኮ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሰማሁ» አለች እሌኒ። «እማዬ ማለቴን ግን አልተውም። አሁን ማን ይከለክለኛል?»