ሁለት ጡጦ ከዘለለች

ሌፍ ካልሲውን አውልቆ የጥጃ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ የብረቱ ቅዝቃዜ ከእግሩ ተነሥቶ እስከ ጉልበቱ ድረስ ሰቀጠጠው። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ። መቶ ሃያ ዘጠኝ። ወረደና ሹራቡን አውልቆ እንደገና ወጣ። ያው ነው። ሹራብ ደግሞ ምን ይመዝናል!

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ከጎረቤት ከተማ ልጆች ጋር የትግል ግጥሚያ አለ፤ ሌፍ ደግሞ የመቶ ሃያ ስድስት ፓውንድ ምድብ ተጋጣሚ ነው። በዚያ ምድብ ከእሱ ሌላ ሰው የላቸውም። ሚዛኑ ትንሽ ካለፈ አይታገልም፤ ቡድኑም ስድስት ነጥብ በነፃ ያስረክባል። የቤቱን ሚዛን እናቱ ከገና ጀምሮ ደብቃበታለች። ለዚህ ነው ጎሕ ሳይቀድ ከጥጆቹ በረት የተገኘው።

«አንተ! እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ? አንተንም ገበያ ልናወጣህ ነው እንዴ?»

አባቱ አርለን ቶሌፍሰን ነበር፤ በሁለት እጁ የወተት ጡጦ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሌፍ ደንግጦ ወረደ።

«ስንት ቀረህ?»

«ሦስት።»

«ሦስት? ኧረ እሷማ ምን አላት! የቶሌፍሰን ልጅ አይደለህ እንዴ!» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሌፍ መሬቱ ዞረበት፤ ግን ሳቅ ብሎ ዋጠው።

በዚያች የዊስኮንሲን ከተማ የጉንጭ መግባት እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጠረው። ነዳጅ ማደያ ያለችው ሴትዮ፣ ፖስታ አዳዩ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ሌፍን ሲያዩት «ጎሽ! ጉንጭህ ገባ!» ይሉታል። ሌላ አገር ቢሆን «ምነው ልጄ፣ አሞሃል?» በተባለ ነበር። በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ መግቢያ ላይ የአባቱ የወጣትነት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሜዳሊያ በአንገቱ፣ ጉንጩ ጎድጓዳ። ሌፍ በፎቶው ሥር ባለፈ ቁጥር የራሱን ጉንጭ ይዳብሳል።

አርለን ወደ ጥጆቹ ዞሮ ነበር። ጆሮዋ ላይ አርባ አንድ ቁጥር ካለባት ጥጃ ፊት ተንበርክኮ ጡጦውን አቀረበላት። ፊቷን አዞረች። እንደገና አቀረበላት፤ እንደገና አዞረች። የአባትየው ፊት ወዲያው ተለወጠ።

«ትናንት ማታም አልጠጣችም» አለ። አፍንጫዋን ዳሰሰ፤ የዐይኗን ቆብ ገልጦ አየ። ከዚያም ስልኩን አወጣ። «ሁለት ጡጦ ከዘለለች ዝም አይባልም። ሐኪሙን ልጥራ።»

የበረቱ ሕግ ነው። ሌፍ በዳዴ ሲሄድ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። የዛን ዕለት ግን ጆሮው ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛው ኪፕ ከፊቱ ተቀምጦ ሁለት ሳንድዊች ጨረሰ። ሌፍ አንድ ፖም ይዞ ያገላብጣታል።

«ልታገባት ነው እንዴ?» አለው ኪፕ። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ እያየሃት ነው። ቀለበት ላምጣልህ?»

«ዝም በል አቦ! ሚዛን አለብኝ።»

ኪፕ አልሳቀም። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ሐምሌ ላይስ? ትምህርት ተዘግቶ፣ ግጥሚያ ሳይኖር፣ ያኔም እንደዚህ ነበርክ። ሐይቁ ዳር ሁላችን ስንዋኝ አንተ ካናቴራህን አላወልቅም ብለህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቁጭ አልክ። አላየሁም መሰለህ?»

ሌፍ ፖሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እውነት ነው። በመስታወት ሲያይ ሌላው ሰው የማያየው ስብ ይታየዋል። ቀኑን ሙሉ ይጾማል። ከዚያ አንዳንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል ይሸነፍና ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ መታጠቢያ ቤቱን ይቆልፍና ሰው እንዳይሰማው ቧንቧ ይከፍታል። ሲወጣ የሚሰማው እፍረት ከረሃቡ ይብሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሌፍ ግን የደበቀው ነገር በሽታ መሆኑንም አላወቀም። ስንፍና ነው የመሰለው።

ኪፕ ከደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ገፋለት። ከቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተገነጠለ ነው። «ከምግብ ወይም ከሰውነትህ ጋር ተጣልተሃል? እንነጋገር። ሐሙስ ከሰዓት፣ የቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል። የምትከፍለው የቻልከውን ነው።»

«እኔ አበድኩ?»

«እኔ ምን አውቄ! እህቴ ግን ሄዳለች። ይኸው ዛሬ ፒዛዬን እየሰረቀች አስቸገረችኝ።»

«ኪፕ፣ ክብደቴን መቀነስ ከተውኩ እኮ የማርፈው አንተ ምድብ ላይ ነው። ቦታው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ከኔ ጋር ታግለህ ነው የምታስከብረው።»

«አውቃለሁ» አለ ኪፕ፣ ሳህኑን እያነሣ። «እዘርርሃለሁ። አሁን ሂድ በቃ፣ አታካብደው።»

ሐሙስ ዕለት ሌፍ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ በር ገባ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አሮጌ መጽሔት፣ ሁለት ወንበር፣ የሚያቃስት ማሞቂያ። መጀመሪያ በዐይኑ የፈለገው ሚዛን ነበር። የለም። በቦታው ያሉት ማርቫ ኦስትቢ የሚባሉ የምክር ባለሙያ ናቸው፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ የበረዶ ቦት ጫማቸውን ያላወለቁ። ከከተማ ከተማ እየነዱ ነው የሚሠሩት።

«ለመጨረሻ ጊዜ ሳትፈራ የበላኸው መቼ ነው?» አሉት።

ሌፍ «ስንት ትመዝናለህ» ይሉኛል ብሎ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር። ይህኛውን አላሰበውም። ብዙ አሰበ። አሥራ አንድ ዓመቱ ሳለ፣ በከብት ትርዒቱ ቀን፣ ትኩስ የተጠበሰ አይብ ከወረቀት ከረጢት ውስጥ፣ ከአባቱ ጋር እየተሻማ። ይህን ሲናገር ሆዱ ባባ፤ እንባው መጣ። ከዚያ በኋላ አላቆመም። ለማንም ያልነገረውን፣ የቧንቧውን ነገር ሳይቀር፣ ነገራቸው።

ማርቫ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ሰነፍ አይደለህም። ታመሃል፤ የሚድን ነገር ነው» አሉት። «ግን አስቀድሞ ሐኪም ልብህንና ደምህን ይመርምር። እሱ ፈቀደ እስኪልህ ትግል የለም።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም።»

ከዚያ ቅጽ ሰጡት። ከታች የወላጅ ፊርማ ይላል፤ ከላዩ ደግሞ ክፍት ቦታ አለ፤ ቤተሰቡ በየጊዜው መክፈል የሚችለው የሚጻፍበት። ሌፍ አንገቱን ደፋ።

«አባቴ አይፈርምም። ከሰው መቀበል አይወድም። አምና ጎረቤቶች ድርቆሽ ቢያመጡለት እያንዳንዳቸውን ክብ አይብ አሸክሞ ነው የመለሳቸው።»

ማርቫ ከልባቸው ሳቁ። «ምጽዋት አይደለም በለው። እዚህ ከፍ አድርጎ የሚከፍል አለ፣ ዝቅ አድርጎ የሚከፍልም አለ። ወንበሩ ግን አንድ ነው።»

የማታው ወተት እየታለበ ሳለ ሌፍ ወረቀቱን ይዞ ወደ በረቱ ገባ። ጥጃዋ አርባ አንድ ቆማ ጡጦዋን ትጎትታለች፤ ጅራቷ ይወዛወዛል። አባቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። አንገቱ ከታች ወደ ላይ ቀላ።

«‘መክፈል የሚችሉት’? ይህ ምን ማለት ነው? የቶሌፍሰን ቤት መቼ ነው እንዲህ የተባለው? ለመብላትም አስተማሪ ያስፈልጋል? እኔ ባንተ ዕድሜ...»

«አባዬ» አለ ሌፍ። «አርባ አንድ ሁለት ጡጦ ስትዘል ሐኪም ጠራህ።»

«እና?»

«እኔ ስንት ዘለልኩ?»

አርለን ወረቀቱን ዝቅ አደረገው። ከዚያ ልጁን አየው። የጥጃ ነገር እንደሚያውቅ ሰው ነበር ያየው፤ ዐይኑን፣ የአንገቱን አጥንት፣ የጣቶቹን ቀለም። በየቀኑ ሲያየው ከርሞ እንደዚያ አይቶት አያውቅም።

«ስንት?» አለ ቀስ ብሎ።

ሌፍ ነገረው። ቧንቧውንም፣ ማርቫ ስለ ክፍያውና ስለ ወንበሩ ያሉትንም ነገረው። አባቱ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።

«ያ አዳራሹ በር ላይ ያለው ፎቶ» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ማንን እንዳሸነፍኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የበላሁትን ሳንድዊች ብቻ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስኮራበት...» አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «ወንበሩ አንድ ነው ነው ያለችህ?»

«አንድ ነው።»

«እስክሪብቶ አምጣ። የከብት ሐኪሙም ቢሆን የወተቱ ገንዘብ ሲገባ ነው የምከፍለው፤ ለማኝ ብሎኝ አያውቅም።» የሚችለውን ጻፈ። ከሥሩ ሙሉ ስሙን፣ ፊደሉን አተልቆ፣ ሸራርፎ ሳያበላሽ ፈረመ። «ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ለሴትዮዋ ግን ሐሙስ አይብ ይዘህላት ትሄዳለህ። በዚህ አልደራደርም!»

ሌፍ ሳቀ። ደግሞ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀና ሲል ተሰማው።

ቅዳሜ፣ እንዳይታገል ሐኪሙ የጻፈለትን ወረቀት ለአሰልጣኝ ሃውገን ሰጣቸው። አነበቡት፤ ግንባራቸውን አሹት። ክፉ ሰው አይደሉም። ጥግ ወስደው በሹክሹክታ፣ «ጉንፋን ይዞታል እላለሁ። ማንም አይጠይቅህም» አሉት።

እንዴት ያለ ቀላል መውጫ ነው! ጉንፋን ማንንም አያሳፍርም። ሌፍ እሺ ብሎ ራሱን ሊነቀንቅ ምንም አልቀረውም። አዳራሹ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ነዳጅ ማደያ ያለችው ሴትዮ አለች፣ ቄሱም አሉ። ስድስቱን ነጥብ የሚያስረክበው እሱ ነው።

«አይ ኮች። ጉንፋን አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እርስዎ ምንም አይበሉ። የሚጠይቅ ካለ እኔ እነግረዋለሁ።»

የቡድኑን ጃኬት ለብሶ ከኪፕ አጠገብ ተቀመጠ። ኪፕ ጎኑን በክርኑ ነካ አደረገውና «ስትድን ና፤ ከትግሉ ምንጣፍ ጋር አሳስምሃለሁ» አለው።

መቶ ሃያ ስድስት ተጠራ። የተቃራኒው ቡድን ልጅ ብቻውን ወደ ምንጣፉ መሐል ወጣ። ዳኛው ግራ ቀኝ አየና የልጁን እጅ ከፍ አደረገ። በአዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። «ቶሌፍሰን የታለ?» የሚል ድምፅ ከላይ ተሰማ።

ሌፍ ጫማውን እያየ መቀመጥ ይችል ነበር። ተነሣ። ሁሉም እያየው፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ወደ ምንጣፉ ሄደ። ከመቀመጫዎቹ ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ታየው፤ አባቱ ነው። አላጨበጨበም። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ዝም ብሎ ቆሟል፤ የአገሪቱ መዝሙር ሲዘመር እንደሚቆመው።

ሌፍ ለልጁ እጁን ዘረጋለት። የልጁ ጣቶች በረዶ ናቸው። ቀረብ ብሎ ሲያየው ጉንጩ ገብቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ምን ሆነህ ነው? ታመህ ነው?» አለው ልጁ በዝግታ።

«መብላት አቅቶኝ ነው» አለ ሌፍ። «ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ የማነጋግረው ሰው አለኝ።»

ዳኛው ቀጣዩን ምድብ ጠራ። ኪፕ የጆሮ መከላከያውን እያሰረ ወደ ምንጣፉ መጣ። ልጁ ግን የሌፍን እጅ አልለቀቀም። ወደ ራሱ አሰልጣኝ ዞር ብሎ አየና ይበልጥ ተጠጋው።

«የት ነው?» አለው።

ኪፕ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ገንጥሎ የሰጠው ወረቀት በሌፍ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር፤ አራት ቦታ እንደታጠፈ። አወጣውና በልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።