እትዬን መሸኘት

«ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች፤ በመናኸሪያችን የሚገኘው የወንዶች መጸዳጃ ቤት ለጽዳት ሥራ እስከ ሦስት ሰዓት ተዘግቶ የሚቆይ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።»

ዘርፌ ይህን ስትናገር ግቢው ውስጥ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእሷ ድምፅ እንዲህ ነው፤ የመጸዳጃ ቤት መዘጋትን የመንግሥት ሐዘን ያስመስለዋል። ከትኬት መሸጫው በላይ ባለችው መስኮት የለሽ ክፍል፣ የጋለ ሽቦና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ እየሸተታት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መንገደኛ ስትጠራ ኖራለች። የማይክሮፎኑን ማብሪያ ጫን ስትለው ጠቅ ይላል፣ ከቃሏ በፊት ትንፋሿ በስድስቱ የድምፅ ማጉያዎች አልፎ ግቢውን ይዞራል፣ ከዚያ ቃሏ ይከተላል። ማብሪያውን ስታጠፋ ደግሞ፣ ጸጥታው ጆሮዋ ላይ ሲከደን፣ አንዲት አሮጊት ከውስጧ ይናገራሉ።

«ይሄም ንግግር ሆኖ» ይላሉ፣ ቁጣ በሌለበት፣ በታከተው ድምፅ። «ሰው እኮ መሄጃ አጥቶ ነው የሚሰማሽ።»

ዘርፌ ለምዳዋለች። ያልለመደችው ረድኤትን ነበር።

ረድኤት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከስምንት ወር በፊት ለከሰዓቱ ፈረቃ ተቀጠረች። እሷ ማስታወቂያ አታነብም፣ ትጫወታለች። «የደሴዎች፣ መኪናችሁ አኩርፎ ሊሄድ ነው፤ ሻዩን ተዉትና ኑ» ስትል ግቢው ሁሉ ይስቃል፤ ረዳቶቹ እንኳ ጩኸታቸውን አቁመው ያዳምጧታል። ዘርፌ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ መሄድ ከተወች ቆይታለች። በሰባተኛው በር አጠገብ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ባለው ሻይ ቤት ተቀምጣ፣ ፀሐይ እስክትበርድ ነው እያለች፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ያቺን ልጅ ትሰማለች። እያንዳንዱ ሳቅ ከእሷ ኪስ የወጣ ይመስላታል።

ከዚያ አዲሱ መናኸሪያ ሊከፈት ነው ተባለ። የሚወስደው አንድ ተናጋሪ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም በኮሚቴ ፊት ይፈተናሉ፤ የወደቀችው ሻንጣ ላይ ቁጥር ትለጥፋለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥላዬ ማንም ቅር እንዳይለው ብለው ሠራተኛውን በሙሉ ለአንድ ቀን ሥልጠና አስቀመጡት። ጠባብ ኮት የለበሰ ወጣት አሠልጣኝ መጣ። እያንዳንዳችን ውስጥ «አትችልም» የሚል ድምፅ አለ ብሎ ነገራቸው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ባዶ ወንበር አምጡ፣ ድምፁን ወንበሩ ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ «ውጣ» ብላችሁ እዘዙት።

ሁሉም ጻፈ። ዘርፌ ግን ቸገራት። የእሷ ድምፅ ትልቅ ሰው ናቸው። ለእናቷ እኩያ እንዴት «ውጪ» ትበል?

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ወንበር ይዛ ወደ ክፍሏ ወጣች። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገች፣ ከማይክሮፎኑ በስተግራ አኖረችው፣ እንደ ወጉም አንገቷን ሰበር አድርጋ «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች።

የፕላስቲኩ ወንበር ሲጥ አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ሳጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ተቆልፎበት የኖረ ልብስ ይሸት ጀመር። ድምፁም ከውስጧ መምጣቱ ቀረ፤ ከግራ ጆሮዋ አጠገብ፣ ከሞቀ እስትንፋስ ጋር ሆነ። «አልቻልሽበትም» ሲሏት «እሺ እትዬ» ትላለች። ሁለት ቀን ቻለችው፤ በሦስተኛው አቃታት። ግን ራስ ያስቀመጡትን እንግዳ ሂድልኝ አይሉትም። እንግዳ ይሸኛል። የሚሸኘውም ወደሚቀበለው ሰው ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ረድኤት ገብታ ከማይክሮፎኑ በስተቀኝ ቦታዋን ያዘች። ዘርፌ ክንዷን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋች። «እትዬ፣ ዛሬስ ከእሷ ጋር ይዋሉ፤ ልሸኝዎት» አለች በሹክሹክታ። እንደ ጭራሮ እስር የደረቀና የቀለለ ነገር ክንዷ ላይ ተደገፈ። ክፍሏ ሁለት እርምጃ ናት፤ ሁለት እርምጃ ሸኘቻቸው።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ ዘርፍዬ? አረጀሽ እንዴ?» አለች ረድኤት።

«ከራሴ ጋር።»

«አይ፣ እንግዲያ ጥሩ ጓደኛ አግኝተሻል።»

ያን ቀን ከሰዓት ረድኤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰናከለች። «የወል... ይቅርታ፣ የወልዲያ...» አለች። ማንም አልሳቀም። ዘርፌን ሻይዋ ጣፈጣት።

በማግስቱ ባሰ። ማብሪያው ጠቅ ሲልና የረድኤት ቃል ሲመጣ መሐል ሁለት ትንፋሽ ይሰማል፤ አንዱ የልጅቷ፣ ሌላው እሷን የተጠጋ። ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ረዳቶቹ ቀና ብለው ድምፅ ማጉያውን ያያሉ፣ ከዚያ ጎማ እንደሚያዩ ያጎነብሳሉ። ዘርፌ ግን ዓይኗን ጨፍና በብርቱ ስታዳምጥ ሹክሹክታውን ቃል በቃል ለየችው። «ይስቁልሻል እንጂ አያከብሩሽም። ነገ ይሰለቹሻል።» እትዬ ለእሷ እንዲህ ብለዋት አያውቁም። ይህ እሷ ራሷ እዚህ ሻይ ቤት ተቀምጣ ስምንት ወር ስታብላላው የኖረችው ነው። ትንሽ ገረማት፤ ደስታው ግን በለጠ።

ጠዋቶቿ ሰላም ሆኑ። ከሰላሙ ብዛት ምን እንደተናገረች አታስታውስም፤ ክፍሉ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ሰዉም ተለወጠ። የበሩ ጥበቃ ደረጃ ስትወጣ ክርኗን ይደግፋታል። ባለሻይዋ ብርቄ፣ በአሥር ዓመት የምትበልጣት፣ «አንቺ ዘርፌ፣ ሂሳብ» ስትላት የኖረች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅርባ «ይጠጡ» አለቻት።

«ምነው ብርቄ፣ አንቱ አልሽኝ?»

«እኔ?» አለች ብርቄ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ። «አንቺ ነው ያልኩት።»

ዘርፌ በራስ መተማመን ነው አለች ለራሷ፤ አሠልጣኙ ሰው ፊት ላይ ይታያል ብሎ ነበር።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ለፀሐዩ ተብሎ መጋረጃው ተጋርዷል፤ አዲስ የተቀባ እንጨት ይሸታል፤ የአውቶቡሶቹ ሞተር ከሩቅ እንደታመመ ሰው ያቃስታል። አምስቱ ኮሚቴዎች ከፊት፣ አቶ ጥላዬ ከጎን፣ ብርቄ ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ። ለተፈታኞቹ ሁለት ወንበር ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መጀመሪያ ረድኤት ተጠራች። አንድ ዓረፍተ ነገር አጋመሰች፤ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች፤ ወረቀቱን አጥፋ ተመልሳ ተቀመጠች። ኮሚቴዎቹ ወረቀታቸውን ይመለከቱ ነበር።

«ዘርፌ» ተባለ።

እግሯ መራመዱ ሳይታወቃት ንባቡ ተጀመረ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም፤ ጥልቅ፣ የማይቸኩል፣ ሳሉ እንኳ የሚያስከብር። ዘርፌ በኩራት ሰማችው። ንባቡ ሲያልቅ ማንም እስክሪብቶ አላነሳም። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ኖር፣ እናታችን» አሉ።

ለአርባ አንድ ዓመት ሴት ይህን የሚል ሽማግሌ በዚያ አገር የለም። አቶ ጥላዬ ግን አልደነገጡም፤ እሳቸውም ተነሱ፤ ኮሚቴዎቹ ተነሱ፤ ብርቄ ትሪውን መሬት አኑራ እጅ ነሳች። ማንም ማንንም አላየም።

«በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ ማይክሮፎኑ ፊት የቆሙት አሮጊት፣ የዘርፌን ነጠላ ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ።

ረድኤት እያለቀሰች ተነሳች፤ ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሆና ጆሮዋ ሥር ስታንሾካሹክ የቆየችው ዘርፌም አብራት ተነሳች።